መወደዱ ሦስት የነበረው ሰው

የጋሽ ተፈራ የሕይወት ታሪክ ናዝሬት፣ ቀብሩ ላይ ሲነበብ ከኋላ ቆሜ እሰማ ነበር። አንባቢው የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ ናቸው። ድምፃቸው ያምራል፤ ሟቹን ግን በቅጡ አያውቁትም። በሥራው ታታሪ፣ በጉልበቱ ብርቱ፣ በዕውቀቱ ጥልቅ፣ በጠባዩ ትሑት፣ በሰው ሁሉ ዘንድ የተወደደ ነበር አሉ። ሁሉንም ሰጡት! አንድም ሳያስቀሩ! እኔ በሆዴ «ወይ ጋሽ ተፈራ፣ ይህን ብትሰማ ከሳጥኑ ብድግ ብለህ ‹ድምሩ አይሞላም!› ትላቸው ነበር» አልኩ። ትሑት ደግሞ! ያ ሰውዬ ትሑት ከሆነ አሰብም ብርዳም ከተማ ናት።

ይህንስ ችዬው ነበር። ለሟች ትንሽ ይጨመርለታል፣ ደንብ ነው። አንጀቴን ያቃጠለኝ ቀጥለው ያነበቡት ነው። «ሕይወቱን በሙሉ ለሥራው ስለሰጠ፣ ትዳር ሳይመሠርት ኖረ።» ለሥራው! በስመአብ! ጋሽ ተፈራ ሳያገባ የቀረው በአንዲት ቁጥር ምክንያት ነው። ቁጥሯ ሦስት ናት፤ ለራሱ የሰጣትም ራሱ ነው። ይህን ሳልናገር ብቀር ያንቀኛል።

የተዋወቅነው አሰብ ነው። እሱ የነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ የመለኪያ መሣሪያዎች ቴክኒሻን ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የግፊትና የሙቀት ጌጅ ሲያነብ ይውላል። እኔ ወደቡ አጠገብ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ከሆነች በኋላም ብዙዎቻችን ከኢትዮጵያ የሄድነው እዚያው እንጀራችን ላይ ነበርን። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማው በሩን ዘግቶ ይተኛል። እንቅልፍ የማይወስደን ጥቂቶች ደግሞ የለተብርሃን ፓስታ ቤት እንሰበሰባለን፤ ምክንያቱም የለተብርሃን ጣሪያ ላይ የሚዞር ቬንትሌተር አለ። ለተብርሃን አሰብ ተወልዳ አሰብ ያደገች የትግርኛ ተናጋሪ ናት፤ አማርኛዋ ከኔ ይሻላል፤ ከራሔይታ በሚመጣ ዓሣ የምትሠራው ፓስታ ደግሞ ከማንም ይሻላል።

አንድ ቀን አንድ የውጭ መርከበኛ ልባሱ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍና አንድ ከረጢት ዳይስ፣ በስድስት ጎኑ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለበት የመጫወቻ ጠጠር፣ ቤቷ ረስቶ ሄደ። ጋሽ ተፈራ አነሳው። ባያነሳው ኖሮ ሁላችንም ጤነኛ ሰዎች ሆነን እንኖር ነበር። መጽሐፉ የጨዋታ ደንብ ነው፤ ግን ሰሌዳ የለው፣ ካርታ የለው። ቁጭ ብለሽ ሌላ ሰው ትሆኛለሽ፤ ጎራዴ ታጥቆ ዋሻ የሚገባ፣ ጭራቅ የሚገጥም። አንዱ ዳኛ ሆኖ «ዋሻው ውስጥ ይህ አለ» ይላል፣ ሌላው «እንግዲያው እንዲህ አደርጋለሁ» ይላል። የሰውየሽ አቅም በስድስት ችሎታዎች በነጥብ ይለካል፤ ትንሹ ሦስት፣ ትልቁ አሥራ ስምንት። አንድ ነገር ስትሞክሪ ሦስት ዳይስ ትጥያለሽ፤ የወጣው ከነጥብሽ ካልበለጠ ተሳካልሽ። ጌጅ ሲያነብ ለኖረ ሰው፣ ሰው ሁሉ በቁጥር የሚነበብበት ጨዋታ ምን እንደሚያደርገው አስቡት።

ዳኛው ማን ይሆናል ብለን አልተማከርንም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ «ዳኛው እኔ ነኝ» አለ፤ አለቀ። ተጫዋቾቹ እኔና የአዲስ አበባ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር የሆነው ገዛኸኝ ነን። ገዛኸኝ አሰብ ጭነት ሊያነሳ በመጣ ቁጥር ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ ወደ ዋሻው ነው። ለተብርሃን ከባንኮኒው ጀርባ ሆና አልጫወትም ትላለች፤ ግን አንድም ነገር አያመልጣትም። የጭራቁን ቦታ ጋሽ ተፈራ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ያለው የዶቢ ሜዳ አካባቢ አደረገው። ኬላ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን መታወቂያ የሚጠይቅ ጭራቅ ነው። ገዛኸኝ «ይህንንስ በደንብ አውቀዋለሁ» አለ።

ችሎታዎቹን የተረጎመው ራሱ ነው። ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ዕውቀት፣ ማስተዋል፣ ጥሩ ሄደ። ከዚያ አንዷ ቃል፣ «ኮንስቲትዩሽን» የምትለው፣ አስቸገረችው፤ መዝገበ ቃላት ገለጠና የመጀመሪያውን ፍቺ ይዞ መጣ። «ሕገ መንግሥት» አለን፣ ኮራ ብሎ። እኛም ጻፍን። ምን እናውቃለን?

«ጋሼ፣ የኔ ሰውዬ ሕገ መንግሥቱ ስድስት ነው። ዋሻው ውስጥ ይገባል?» ይላል ገዛኸኝ።

«ሕገ መንግሥትህ ደካማ ከሆነ በትንሽ ቁስል ትሞታለህ። አስቱ ሕገ መንግሥቷ አሥራ ሦስት ነው፣ እሷ ትቅደም» ይላል ወደ እኔ እያመለከተ።

ያኔ ደግሞ ሬዲዮው በዚህም በዚያም ወገን ስለ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ነው የሚያወራው። ለተብርሃን ደንግጣ መስኮቱን ዘጋችው። «እናንተ ሰዎች፣ ቤቴን ልታዘጉኝ ነው?» አለች። ጭራ ያለው ጭራቅ ስንገድል ፖለቲካ ስናወራ የመሰለው ሰው ከመንገድ ማዶ ቆሞ ያዳምጥ ነበርና አልፈረድኩባትም። ቃሏ የሰውነት አፈጣጠርና ጥንካሬም ማለት እንደሆነች ጋሽ ተፈራ የደረሰበት ብዙ ቆይቶ ነው። ተሳሳትኩ ያለ መሰላችሁ? «ስህተት አይደለም። ማሻሻያ ነው» አለ። ሕገ መንግሥታችን ተሻሽሎ «ሙቀት መቻል» ተባለ። ለአሰብ ከዚህ የተሻለ ችሎታ አይገኝምና አጨበጨብንለት።

ከመጽሐፉ ጋር የተጣላው ግን በነጥብ አሰጣጡ ነው። መጽሐፉ ነጥብህን በዳይስ አውጣ ይላል። ገዛኸኝ ጣለና አንበሳ የሚያክል ጀግና ወጣለት። እኔ ጣልኩና እንኳን ጎራዴ ጀሪካን ማንሳት የማይችል ምስኪን ወጣልኝ። ጋሽ ተፈራ ጠረጴዛውን መታ። «ይህ ግፍ ነው! ማንም ሰው ከማንም አይበልጥም። ለሁሉም ስልሳ ነጥብ፤ ማከፋፈሉ የየራስህ ነው። እዚህ ከጨመርክ ከዚያ ትቀንሳለህ!» ከዚያ በኋላ ካርዶቻችንን ከፓስታ ካርቶን ቆርጦ ሲሠራ፣ አንዳችን አጭበርብረን አንዲት ነጥብ የጨመርን እንደሆነ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ «ድምሩ አይሞላም!» ይላል፤ በለጠም ጎደለም ለሱ ያው «አይሞላም» ነው።

ነገሩ ዋሻው ውስጥ ቢቀር ጥሩ ነበር። እሱ ግን ከተማውን በሙሉ በስልሳ ይሰፍር ጀመር። ስለ አለቃዬ አማርሬ ነገርኩት። «ጉልበት የለው፣ ዕውቀት የለው፣ ማስተዋልማ አይነሳ፤ ጩኸት ብቻ» አልኩት።

«ድምሩ ስልሳ መሆን አለበት። ነጥቡ የት እንደገባ ፈልጊ።»

«የለም እኮ ነው የምልህ!»

«አለ። አልፈለግሽም።»

ነሐሴ ላይ መብራት ጠፋ። ቢሮው ውስጥ ያለን ሁሉ ወለሉ ላይ ተዘርረን ስናቃስት፣ ያ አለቃዬ በኮትና በከረባት ተቀምጦ ትኩስ ሻይ ይጠጣል፤ ግንባሩ ላይ አንዲት ጠብታ ላብ የለችም። ሄጄ ስነግረው ጋሽ ተፈራ ከወንበሩ ተነስቶ ዘለለ። «ሙቀት መቻል አሥራ ስምንት! አላልኩሽም?» ከዚያ ወዲህ አለቃዬን ባየሁት ቁጥር፣ ወደድኩትም ጠላሁት፣ ትንሽ አክብሮት ይሰማኝ ጀመር። ይህን ያደረገብኝ ጋሽ ተፈራ ነው። እስከ ዛሬም አንድን ሰው የማይረባ ልል ስል «ነጥቡ የት ገባ?» የሚል ድምፅ ይመጣብኛል፤ ደስ ብሎኝ ሰው እንዳላማ ከለከለኝ።

ስድስተኛዋ ችሎታ «መወደድ» ናት። የሁሉም ጣጣ ከሷ ነው የመጣው። ገና ስሟን ሲጠራ ገዛኸኝ ግራ ገባው።

«መወደድ ማለት ዋጋው ይጨምራል? የኔ ሰውዬ እንደ ጎማ ተወደደ እንዴ?»

«አንተ! ሰው ሲወድህ ነው እንጂ!»

ለተብርሃን ከባንኮኒው ሳቀች። «እኛ ጋ ውድ ዕቃ ‹ክቡር› ነው የሚባለው። እናንተ ስትወዱ ዋጋ ይጨምራል፤ እኛ ስናከብር።»

«እንግዲያው የለተ ፓስታ በሁለቱም ቋንቋ ነው የሚጨምረው» አለ ገዛኸኝ። ለተብርሃን በመጥረጊያ ጨርቅ መታችው።

ጋሽ ተፈራ ለራሱም ካርድ ሠራ። ለዕውቀት አሥራ ስድስት ሰጠ፤ አላፈረም። የቀሩትን መካከለኛ መካከለኛ አድርጎ ሲጨርስ ለመወደድ የተረፈችው ሦስት ናት። ሦስት! ከሦስት በታች ደግሞ የለም። «ለምን?» ስለው «እውነቱ ስለሆነ» አለኝ።

እውነቱ! ለተብርሃን የዓሣውን ለስላሳ ቦታ ለማን ነው የምታስቀረው? ከቬንትሌተሩ ሥር ያለው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ «እሱ ተይዟል» የምትለው ለማን ነው? ያን አንገቱ ላይ የማይጠፋ ፎጣ አንድ ቀን ረስቶት ሲሄድ አጥባ፣ አጣጥፋ የጠበቀችው ለኔ ነው እንዴ? ሰውዬው የፋብሪካ ጌጅ ከሩቅ ያነባል፤ አፍንጫው ሥር ያለችውን ሴት ማንበብ ግን አቃተው። እሱም እኮ ይወዳታል። ውሃ ይዛ ወደ ጠረጴዛችን ስትመጣ የዳኝነት ድምፁ ይጠፋና የተማሪ ድምፅ ይወጣዋል። ለሷ በሠራላት ካርድ ላይ መወደድ አሥራ ስምንት ብሎ ነው የጻፈው።

«ለምን አትነግራትም?» አልኩት አንድ ቀን፣ ብቻችንን ሆነን።

«በሦስት ነጥብ? ሦስት ዳይስ ጥዬ ሦስቱም አንድ አንድ ካልወጡ አይሳካም። ሒሳብ ነው አስቱ።»

«ሒሳብ አይደለም፤ ፍርሃት ነው።»

«ፍርሃት የሚባል ችሎታ የለም። ስድስት ናቸው።»

አሁን እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?

የሚደረገውን ያደረገችው ለተብርሃን ራሷ ናት። አንድ ከሰዓት ሳህን ልታነሳ መጥታ የሱን ካርድ አየች። ሳህኑን መልሳ አስቀመጠችና ካርዱን አነሳች።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ» አለ ጋሽ ተፈራ።

«‹መውደድ› ቢል ኖሮ አንተ ትጽፈው ነበር። ‹መወደድ› ነው የሚለው። ይህን ሰው ለራሱ አይጽፍም። ሌላ ሰው ነው የሚጽፍለት።»

ገዛኸኝ ሹካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። ጋሽ ተፈራ ካርዱን አየ፣ እሷን አየ፣ ፎጣውን ከአንገቱ አውርዶ ፊቱን ጠረገ። ያን ሁሉ ዓመት «ተሳስተሃል» ብሎ የሚረታው ሰው ሳይገኝ፣ በገዛ ሕጉ ውስጥ የጎደለውን አንዲት ሴት በአንዲት ፊደል አሳየችው። መካድ አልቻለም። ትልቁ ድክመቱ ትክክል የሆነ ነገር ሲሰማ መካድ አለመቻሉ ነበር። ወዲያው ሕግ አወጣ፤ ከዛሬ ጀምሮ የማንም ሰው መወደድ የሚጻፈው በቀኙ በተቀመጠው ሰው ነው አለ።

እኔ በደስታ ልሞት ነው። ሕጉ ወጣ፣ አሁን እሷ በቀኙ ትቀመጣለች፣ ጉዳዩ አለቀ አልኩ። በሚቀጥለው ጨዋታ ጋሽ ተፈራ ቀድሞ መጥቶ ወንበሮቹን አዘዋውሮ ጠበቀን። በቀኙ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ገዛኸኝ! ያ ደግሞ ቀልደኛ ነውና እርሳሱን ተቀብሎ «ሁለት» ብሎ ጻፈ። «ከሦስት በታች የለም» ሲባል «እንግዲያው ሦስት፣ በልመና» አለ። ጋሽ ተፈራ ወደ እኔ ዞሮ «አየሽ?» አለኝ፣ ረክቶ። ጭንቅላቱን በሳህኑ ልፈነክተው ምንም አልቀረኝም። ለተብርሃን ያን ሳምንት ለሁላችንም ጨው የበዛበት ፓስታ አበላችን።

ከዚያ ሁለቱ አገሮች ተጣሉ። በሬዲዮ ሲጀምር ያልፋል አልን፤ አላለፈም። መኪኖች በችኮላ እየወጡ፣ ሰው ሻንጣውን እያሰረ፣ ኬላው ዛሬ ይዘጋል ነገ ይዘጋል እየተባለ ከተማው ተናወጠ። እኔ ከመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ጋር እወጣለሁ፤ ጋሽ ተፈራ ከገዛኸኝ ጋር። ሁለቱም መኪኖች ሞተራቸውን አስነስተው ለተብርሃን በር ላይ ቆመዋል። የመጣነው ልንሰናበት ነው፤ እኔ ግን የመጣሁት ለሌላ ነው። ይህ ሰው ዛሬ አንዲት ቃል ካልተነፈሰ ከእንግዲህ የለም። «ነይ» ቢላት ጋቢናው ውስጥ ቦታ አለ። «ልቅር» ቢላት ደግሞ እሷ የምታደርገውን ታውቃለች። ጥግ ይዤ ቆምኩ።

ለተብርሃን ከባንኮኒው ወጣች። ወንበር ስባ በቀኙ ተቀመጠች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። እጇን ዘረጋች። እሱም ካርዱን ከሸሚዝ ኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ሦስቷን ሰረዘችና ጻፈች፤ ሁላችንም እንድንሰማ አነበበችው።

«አሥራ ስምንት።»

«ለተ…» አለ።

በቃ፣ ተነፈሰ አልኩ። እልል ልል ምላሴን አንቀሳቅሻለሁ። እሱ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፣ ካርዱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እየደመረ ነው!

«ሰባ አምስት መጣ» አለ። «ድምሩ አይሞላም። ስልሳ ነው መሆን ያለበት።»

«ከሌላው ቀንሰዋ።»

«ከየቱ?»

«ከዕውቀትህ ቀንስ!»

«ከዕውቀቴ?»

ኩላሊትህን አምጣ ያለችው ነው የመሰለው። አንድ ጊዜ ካርዱን፣ አንድ ጊዜ እሷን ያያል። ውጪ ገዛኸኝ ክላክስ ነፋ። የእኛም መኪና ሾፌር ስሜን ጠራ።

«ላስብበት» አለ።

ላስብበት! እግዜር ያሳያችሁ፣ ላስብበት!

ለተብርሃን ተነሳች። «አስብበት» አለችው፣ ቀስ ብላ፤ ምንም ያልነካውን ጠረጴዛ በጨርቅ ጠረገችና ወደ ጓዳ ገባች። ጋሽ ተፈራ ካርዱን ኪሱ ከትቶ ወጣ። የኛ መኪና ቀድሞ ተነቃነቀ። ከመስኮቱ ወደ ኋላ ሳይ ጋሽ ተፈራ ጋቢናው መወጣጫ ላይ አንድ እግሩን አድርጎ ቆሟል፤ ያም ቢሆን ግን ወጣ።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቆረጠ። እኔ አዲስ አበባ ሥራ ያዝኩ፣ እሱ ናዝሬት። ሁለት ሦስት ጊዜ ተገናኝተናል። ስለ ጨዋታው ሳነሳበት «ተይው አስቱ» ብሎ ስለ አየሩ ያወራኛል። እኔም በልቤ ፈሪ፣ ልብ ሰባሪ፣ ደረቅ እያልኩ ቂሜን ይዤ እመለስ ነበር። አለመናገሩን ሳይሆን፣ ከዕውቀቱ ላይ ነጥብ መቀነስ አለመቻሉን ነው ይቅር ያላልኩት።

ከቀብሩ መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ በዕድሩ ጸሐፊ ስናደድ አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ገዛኸኝ ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ አልተያየንም። ተቃቅፈን ተላቀስን።

«ሰማህ አይደል ያነበቡትን?» አልኩት። «ለሥራው ሲል አላገባም አሉ! ያ ‹ላስብበት› ብሎ ጥሏት የወጣ ፈሪ!»

«አስበበት እኮ» አለኝ።

«ምን?»

«አልነገረሽም እንዴ? መንገዱን ሙሉ ካርዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲሰርዝ ሲጽፍ ነበር። ቡሬን አለፍን፣ አላየም። ኤሊ ዳርን አለፍን፣ አላየም። ዶቢ ስንደርስ ‹ሞላ!› ብሎ ጮኸ፤ ጎማ የፈነዳ መስሎኝ ፍሬን ያዝኩ። ‹ዕውቀትን ሦስት አደረግኩት፣ ከጉልበት ሁለት ቀነስኩ፤ ስልሳ ሞላ ገዛኸኝ! አዙር! መልሰኝ!› አለኝ።»

ያቺን አሥራ ስድስት! ጥልቅ ዕውቀቱን!

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ምን ላድርግ? ኬላው ከኋላችን ተዘግቷል። ነገርኩት፤ አልሰማኝም። ወርዶ በእግሩ ወደ አሰብ መመለስ ጀመረ። በዚያ ፀሐይ! በዶቢ ሜዳ! እኔና ረዳቴ ሮጠን ያዝነውና ተሸክመን ጋቢና አስገባነው።»

«እሱ ዝም ብሎ ተያዘላችሁ? አልታገላችሁም?»

ገዛኸኝ ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረ።

«በምኑ ይታገለናል?» አለኝ። «ከጉልበቱ ቀንሶ የለ እንዴ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ለቅሶ ቤት መሃል፣ ትከሻዬ እየተንቀጠቀጠ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅኩ። ሴቶቹ ለቅሶው ከፋባት ብለው ውሃ አመጡልኝ፣ ጀርባዬን አሹኝ። አልተሳሳቱም።